ለእጅ ብቻ

ኅዳር 11

ጠዋት ከሆስፒታል ወደ ቤት መጣሁ። ልብስ ልቀይር፣ የድንቢጥን ቢጃማ ልጠብ፣ ሾርባ ልሥራና ከሰዓት ልመለስ ብዬ። አባቷ አብሯት አለ። ጋራዡን ዛሬ ዘግቶታል።

ቢጃማውን አጥቤ አሰጣሁ። ፀሐይ ነበረች። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ልጅቷ እንዴት አደረች?» አለችኝ። «ትኩሳቱ ጋብ ብሏል፤ ማታ ወተት ጠጥታለች» አልኳት። የምሰፋው የሰው ቀሚስ ዚፕ ቀርቶብኝ ነበር፣ ጨረስኩት። ካሮቱን ከትፌ ሾርባውን ጣድኩ።

ስልክ ጮኸ። አባቷ ነው።

«ነይ።»

«ምን ሆነች?»

«ነይ በቃ።»

ብዙ ዘመን አብሬው የኖርኩ ሰው ነው። ሲናደድም ሲታመምም ድምፁን አውቀዋለሁ። ይህንን ግን ሰምቼበት አላውቅም።

ሾርባውን ሳላወርድ ወጣሁ። አርሮ ቤቱን ጭስ ሲሞላው ጎረቤቴ ናት ያጠፋችልኝ።

አልደረስኩም። ስገባ ፊቷን ሸፍነውታል።

ኅዳር 14

ቀበርናት። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 15

ቢጃማው ገመዱ ላይ እንዳለ ነው። ማን ያውርደው?

ኅዳር 20

ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «የእግር ስብራት ሰው ይገድላል እንዴ?»

ልጄ ጫማ መደብር ውስጥ ነበር የምትሠራው። ካርቶን ተሸክማ ስትወርድ ከደረጃ ወደቀች። ጭኗ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና አድርገው ብረት አስገቡላት። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ዋጋዬ ጨምሯል፤ በኪሎ ብትሸጪኝ ታተርፊያለሽ» ብላ አሳቀችን። እንዲህ ናት። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ነው ማውራት የምትጀምረው። ድንቢጥ ያላት አባቷ ነው፣ ገና በልጅነቷ።

ከዚያ ቁስሉ መግል ያዘ። መድኃኒት ሰጧት፣ እምቢ አለ። ሌላ ቀየሩ፣ እምቢ አለ። ከሩቅ ያስመጡትም እንዲሁ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቁሞ «መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው። እዚሁ ሆስፒታል ውስጥ ነው ያገኛት» አለን።

እዚሁ ያገኛት።

ዛሬ ታናሽ እህቴ ያንን ቃል አነሳችው። «እዚሁ ካገኛት፣ ያመጣባት ሰው አለ። ባክቴሪያ እግር የለው።» እህቴ እሳት ናት። አባቷ ከወንበሩ ቀና ሳይል «እስቲ ተይ» አላት። እሷ መች ትተወዋለች። ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ነሽ ቀን ከሌት እዚያ የነበርሽው። ማንን ጠረጠርሽ?» አለች።

አፌ ላይ የመጣችው ቀጭኗ ሲስተር ናት።

ኅዳር 23

ከእህቴ ጋር የሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ሄድን። ያየሁትን ተናገርኩ።

የድንቢጥ አልጋ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ አለ። ሐኪሞቹ ይታጠቡበታል። ጽዳቶቹ ይታጠቡበታል። እኛ አስታማሚዎቹም። ቀጭኗ ሲስተር ግን አልፋው ትሄዳለች። አንድም ቀን ቧንቧውን ስትከፍት አላየሁም። ከኪሷ ሮዝ ወረቀት ያለባት የሽቶ ጠርሙስ ታወጣና እጇን ሽቶ ትቀባለች። ልጄ እየቃተተች እሷ ሽቶ ትቀባለች። ከዚያ በዚያው እጇ ፋሻውን ትፈታለች።

ይህንኑ አልኩ። ጮክ ብዬ። በሩ ክፍት ነበር፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይሰማል። እህቴ «ይሰሙ» አለች።

ሲስተሯን አስጠሯት። መጣች። ጣቴን ቀሰርኩባት። «ይቺ ናት። ልጄን በሽቶ እጇ የገደለችው ይቺ ናት።»

ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እማማ... እኔ?»

ኅዳር 24

ታገደች አሉን። ቀብሬ ከመጣሁ ወዲህ ዛሬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ታኅሣሥ 2

ሻምበል ሞተ።

ሻምበል ከድንቢጥ ጎን የተኛው ሽማግሌ ነው። ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ክፍሉን እንደ ጦር ሰፈር ስለሚያዝ ነው ድንቢጥ ሻምበል ያለችው። «አስታማሚዎች፣ በረድፍ ውጡ» ይል ነበር ጽዳት ሲገባ። «አንቺ ወሬኛ ወፍ፣ ጸጥታ» ይላታል። «ሻምበል፣ ሳላወራ ከዋልኩ ሞቻለሁ ማለት ነው፤ ያኔ ሪፖርት ያድርጉ» ትለዋለች።

ሴት ልጁ ጥቁር ልብስ ልታሰፋ መጣች። ልኬቷን እየወሰድኩ ነው የነገረችኝ። ቁስሉ ደህና ነበር። ሊወጣም ቀን ቆርጠውለት ነበር። በድንገት ትኩሳት ያዘው። ያው መድኃኒት የተላመደው ነው አሏት።

«ያቺ ሲስተር ናታ» አልኩ።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ እንደቆመች አየችኝ። «የቷ? ቀጭኗ? እሷማ ከታገደች በኋላ ነው እኮ አባዬን ያመመው። ያኔ እሷ አልነበረችም።»

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። አንስቼ ልኬቱን እንደገና ወሰድኩ። የጻፍኩት ጠፍቶብኝ።

ታኅሣሥ 6

እሷ ሳትታገድ በፊት ይዞት ይሆናላ። ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ቆይቶ...

እንዲህ እላለሁ። ልቤ ግን አይቀበለኝም።

ታኅሣሥ 9

አባቷ ቢጃማውን አወረደው። አጥፎ የስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀመጠው። የልብስ መስፊያው ዛሬ ሲጮህ ዋለ፣ ምን እንደሰፋሁ አላውቅም።

ታኅሣሥ 15

ከሆስፒታሉ ደውለው ጠሩን። አባቷ የሰው መኪና ፈትቶ ነበር፣ ብቻዬን ሄድኩ። ወደ ላቦራቶሪው ወሰዱኝ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ መነጽሯ ፊቷን ግማሽ ይሸፍናል።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። ልጅዎን የያዛትን ባክቴሪያ ዘረ-መል አንብበናል። ውጤቱን ማወቅ ይገባዎታል።»

ስሙን ጠየቅኋት። ክሌብሲየላ። ሁለቴ አስደገምኳት። የሴት ስም ይመስላል። ገዳይ እንዲህ ያለ ስም አለው?

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ረድፍ ረድፍ ፊደል ነው፣ አራት ፊደል ብቻ እየተመላለሰ። «ይህ ከልጅዎ ቁስል የወሰድነው። ይህ ከሽማግሌው። ይህ ደግሞ ከአልጋዋ አጠገብ ካለው መታጠቢያ፣ ከቱቦው ውስጥ። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ፊደል ውስጥ የሚለያዩት በጣት በሚቆጠሩ ፊደሎች ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው።»

«በአጋጣሚ ቢመሳሰሉስ?»

«እንዲህ በአጋጣሚ አይመሳሰሉም። ባክቴሪያ ሲራባ ራሱን ይገለብጣል፣ ሲገለብጥ ይሳሳታል። ስህተቱንም ለልጁ ያወርሳል።»

ያኔ ገባኝ። የወረቀት ቅድ አለኝ፣ ጨርቁ ላይ አንጥፌ የምቆርጥበት። አንዱ ላይ ትከሻው አካባቢ መቀሴ ስቶ የገመጠው ቦታ አለ። በዚያ ወረቀት የቆረጥኩት ቀሚስ ሁሉ ያቺን ግማጭ ይዞ ነው የሚወጣው። መንገድ ላይ ሰው ለብሶት ባይ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ። ይህንን ነገርኳት።

«እንደዚያ ነው፣ ልክ እንደዚያ» አለች ደስ ብሏት። ወዲያው ደስ ማለቷ አሳፈራት መሰለኝ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

ሌላም ነገረችኝ። መድኃኒቱ ለምን እምቢ እንዳለ። ባክቴሪያው ውስጥ ከዋናው ዘረ-መል ተለይታ የምትኖር ትንሽ ቀለበት አለች። በእሷ ላይ መቀስ የሚሠራበት ትእዛዝ ተጽፏል። መድኃኒቱ ሲመጣ በመቀሱ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ መድኃኒት አይሠራም። ቀለበቷን ደግሞ ለሌላው ይሰጣል። ዘሩ ላልሆነ፣ ዓይነቱ ለተለየ ባክቴሪያም ጭምር። ቱቦው ውስጥ ያችኑ ቀለበት የያዘ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ አግኝተዋል። እንደ እኛ ሰፊዎች ማለት ነው። ዘመዴ ያልሆነችው ሁሉ ቅዴን ተውሳ ትገለብጣለች።

«ሲስተሯስ?» አልኩ።

«የሁሉም ሠራተኛ እጅ ተመርምሯል። የሷ ንጹሕ ነው። ጠርሙሷ ውስጥ ያለውም አልኮል ነው፣ ጥሩ አልኮል። ክፍሉ ውስጥ ሲያልቅ ከፋርማሲ ተቀብላ በትንሽ ጠርሙስ ትይዛለች። ያንን መታጠቢያ አታምነውም ነበር፣ ቱቦው ይሸታል፣ ውኃ ይመልሳል ብላ ሁለቴ አመልክታለች። ጥፋቷ ጠርሙሱ ላይ ምን እንዳለ አለመጻፏ ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው የያዘባት እሱን ነው... እና የእርስዎን ቃል።»

ልነሳ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ዶክተር፣ ቱቦ ውስጥ ምን በልቶ ይኖራል?»

«እጅ መታጠቢያ ውስጥ ምግብ ካልገባ ብዙም አይስፋፋም። ወተት፣ ሻይ፣ ሾርባ ከተደፋበት ግን ወደ ላይ ያድጋል፣ እስከ ቀዳዳው አፍ። ቧንቧው ሲከፈት ይረጫል። አጠገቡ ያለው አልጋ፣ ፎጣ፣ ኩባያ ላይ።»

እጆቼን ገልብጬ አየኋቸው።

«እርስዎ ብቻ አይደሉም እናቴ። ያ ክፍል ውስጥ ያስታመመ ሰው ሁሉ ደፍቶበታል፣ ከዓመት በላይ። መታጠቢያውም አልጋ አጠገብ መሠራት አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

ብቻ አይደሉም አለች። አብሬ አለሁበት ማለት ነው።

ታኅሣሥ 16

መርፌ መያዝ አልቻልኩም። ልጻፈው።

ያንን አልጋ ለምኜ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። በመስኮቱ በኩል ነበር የተኛችው። ውኃ ቅርብ ይሁንልኝ ብዬ፣ ኩባያ ለማጠብ ረጅም ኮሪደር እንዳልሄድ ብዬ። ሥራ ወዳድ ነኝ ባይ፣ እጄ አያርፍም። የተረፋትን ወተት ደፋሁበት። ሾርባውን ደፋሁበት። ኩባያዋን አለቅልቄ ጠርዙ ላይ ደፋሁት፣ በዚያው ኩባያ አጠጣኋት። ከመታጠቢያው በላይ ግድግዳው ላይ «ለእጅ ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ የተሰቀለበትን ሚስማር ፎጣ መስቀያ አደረግሁት። ፎጣው ጽሑፉን ሸፈነው።

ሲስተሯ ነግራኛለች። «እማማ፣ እዚህ እጅ ብቻ። ኩባያ የሚታጠበው ኮሪደሩ መጨረሻ ነው።» አንዴ አይደለም። ፎጣዬን አንስታ አልጋው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እመልሰዋለሁ። ትንሽ ሴት ታዘኛለች ብዬ ተናደድኩባት። ቂም ያዝኩ። አዎ፣ ቂም ነው።

ሌላም አለ። እሱን ለመጻፍ እጄ እምቢ ይለኛል።

ድንቢጥ ነግራኝ ነበር።

«እማዬ፣ ያቺ የሲስተር ጠርሙስ ሽቶ እንዳትመስልሽ። አልኮል ነው።»

«አልኮል? በሥራ ሰዓት?»

ቁስሏን በእጇ ደግፋ ሳቀች። «እጅ ላይ የሚፈስ ነው እማዬ። ጀርም መግደያ። አንቺ ደግሞ... ልትጠጣው መሰለሽ?»

ሰምቻለሁ። አብሬያትም ስቄያለሁ። ቅሬታ ሰሚው ፊት ጣቴን ስቀስር አውቅ ነበር። ኅዳር 23 የጻፍኩትን ዛሬ ገልጬ አነበብኩት። ሽቶ፣ ሽቶ፣ ሽቶ። ማንም በማያየው፣ ለራሴ በምጽፈው ላይ እንኳ ዋሽቻለሁ። ሰው ለራሱ ከዋሸ ለማን እውነት ሊናገር ነው?

ታኅሣሥ 17

ለአባቷ ነገርኩት። ሁሉንም። ወተቱን፣ ፎጣውን፣ ጠርሙሱን። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ቢጮህብኝ ይሻል ነበር።

እጁን ሲታጠብ ቆየ። ከመኪና ግራሶ እንደሚያጥበው አድርጎ፣ ጥፍር ለጥፍር። ከዚያ ተቀመጠ።

«ሞተር ሲበላሽ» አለ፣ «ደንበኛው ጣቱን የሚቀስረው መጨረሻ በነካው ሰው ላይ ነው። ስንቱ ቀስሮብኛል።»

«እኔ ግን እያወቅሁ ነው።»

«ሰማሁ።»

«ምን ላድርግ?»

«የምታደርጊውንማ ታውቂያለሽ። ባታውቂ ኖሮ አትነግሪኝም ነበር።»

«አብረኸኝ ትሄዳለህ?»

አሰበ። «እስከ በሩ። ውስጥ ግን አንቺ ነሽ።»

አመሻሽ ላይ ብቻውን ሳየው ቢጃማውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይዞታል። ያችን ወተት እንደ እኔ እሱም ሲያጠጣት ነበር። ትራፊውን ደፍቶ ይሆን? አልጠየቅሁትም። አልጠይቀውምም።

ታኅሣሥ 19

እህቴ መጣች። ኮሚቴው ፊት ልቀርብ እንደሆነ ሰምታለች።

«አንቺ ጤና የለሽም። ልጅሽን ቀብረሽ አሁን ራስሽን ልትቀብሪ?»

«ሴትዮዋ ሥራዋን ልታጣ ነው እኮ።»

«ሌላ ሥራ ታገኛለች። አንቺ ሌላ ስም ከየት ታገኛለሽ? ሰው ምን እንደሚልሽ ልንገርሽ? ልጇን በወተት ገደለች ነው የሚልሽ። ቀሚስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ እጅ እጅሽን ነው የሚያየው።»

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ልክ ናት፣ እንዲሁ ነው የሚሉት። እኔም ለራሴ የምለው እሱን ነው። ሰው ሲለው ግን...

«ማን ጠየቀሽ?» አለች። «ዝም ብትዪ ማን ያውቃል?»

«ድንቢጥ ታውቃለች።»

እህቴ አቀፈችኝ። እሳት ናት አልኩ እንጂ ክፉ አይደለችም። ተያይዘን አለቀስን። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ «የወተቱን እንኳ ተዪው። የጠርሙሱን ብቻ ንገሪ፣ ይበቃታል» አለችኝ።

ይበቃታል?

ታኅሣሥ 20

ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳሰላስል ዋልኩ። የጠርሙሱን ብቻ ብናገር እሷ ትድናለች፣ እኔም ግማሽ ፊቴ ይተርፈኛል። ምን ክፋት አለው? ... ፎጣውስ? ሌላዋ እናት ነገ ፎጣዋን እዚያው ሚስማር ላይ ብትሰቅልስ?

ታኅሣሥ 22

ሄድኩ። አባቷ በሩ ላይ ቆመ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

ረጅም ጠረጴዛ ነው። ከኮሚቴው ሰዎች ባሻገር ሲስተሯ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ያለ ጋውን ሳያት መጀመሪያ አልለየኋትም። ከበፊቱ የበለጠ ቀጥናለች። የዚያን ቀን ቅሬታ ሰሚው ቢሮ በር ላይ ተሰልፈው ከሰሙኝ ሰዎች አንድም የለም። ስከስሳት ስንቱ ሰው ነበር።

ሰብሳቢው «ቃልዎን ሊያጸኑ ነው የመጡት?» አለኝ።

«ላነሳ ነው።»

ሁሉም ቀና አሉ። እሷ ብቻ ቀና አላለችም።

በልምምድ አዘጋጅቼው ነበር። ጠፋብኝ። እንዲሁ እንደመጣልኝ ተናገርኩት። «ሽቶ ነው ያልኩት ሽቶ አይደለም። አልኮል መሆኑን ልጄ ነግራኛለች። እያወቅሁ ነው የዋሸሁት። እዚያ መታጠቢያ ውስጥ ወተት የደፋሁ እኔ ነኝ። ጽሑፉን በፎጣ የሸፈንኩ እኔ ነኝ። ይቺ ሲስተር ተይ ብላኛለች። ደጋግማ። አልሰማኋትም።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህን ይበሉ ብሎ የላከዎት ሰው አለ?»

«የለም።»

«የልጅዎን ሞት በተመለከተ ማንም በእርስዎ ላይ...»

«አውቃለሁ። ዶክተሯ ነግራኛለች። ግን እዚያ ክፍል ሌሎች እናቶች አሉ። ጽሑፉ ለእጅ ብቻ ነው የሚለው። ለምን እንደሆነ አይልም። ለምን እንደሆነ ቢልልኝ ኖሮ...» ከዚያ ማለፍ አልቻልኩም። ሰበብ እየሆነብኝ መጣ። ሰበብ ልፈልግ አልነበረም የሄድኩት።

ወደ ሲስተሯ ዞርኩ። ይቅርታ ልል። የሚባለው ይቅር በይኝ ነው፣ ሌላ ቃል የለውም። «ይቅር በይኝ ልጄ።»

ያኔ አየችኝ። ዓይኗ ደረቅ ነው። «ሰምቻለሁ» አለች።

ይኸው ነው። ይቅር ብያለሁ አላለችም። ሰምቻለሁ።

አባቷ በሩ ላይ ኮፍያውን ጨምድዶ ጨርሶታል። «ሁሉንም?» አለኝ። «ሁሉንም።» ክንዴን ይዞ ወደ ቤት አመጣኝ።

ታኅሣሥ 30

ወደ ሥራዋ መለሷት አሉ። ለጠርሙሱ ማስጠንቀቂያ ጽፈውባታል። መታጠቢያውን ነቅለው ግድግዳውን ደፍነውታል፣ ሌላ በር አጠገብ ሠርተዋል። የነገረችኝ የሻምበል ልጅ ናት፣ ጥቁሩን ቀሚስ ልትወስድ መጥታ። ኮሚቴው ፊት ያልኩትንም ሰምታ ኖሯል። የምትለኝን ጠበቅሁ። የሷንም አባት በላው እኮ፣ እኔ ያበላሁት ነገር።

ቀሚሱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች። «እኔም ሻይ ደፍቼበታለሁ» አለች። «ስንት ጊዜ። አባዬ ሻይ ሲቀዘቅዝ አይጠጣም ነበር።»

እጅጌው ረዝሞባት ነበር፣ አሳጠርኩላት።

ጥር 12

እህቴ እንዳለችው ሆነ። ከደንበኞቼ የቀሩ አሉ። ታች ሱቋ ያለችው ሴትዮ ወተት ስገዛ ታየኛለች... ወይ መስሎኝ ነው? ወተት መግዛት ተውኩ።

ጥር 27

ዛሬ ከሰዓት መኪናው ላይ ተደፍቼ ስሠራ ሰው በሩን አንኳኳ። «ይግቡ» አልኩ ቀና ሳልል። ቀና ስል ቀጭኗ ሲስተር።

ተነሳሁ። ወንበር ሳብ አድርጌ ሰጠኋት። አልተቀመጠችም። ከቦርሳዋ ነጭ ጋውን አወጣች።

«ኪሱ ተቀድዷል። ጠርሙሱ ነው የሚቀደው፣ ይከብዳል።»

ተቀበልኳት። ስፌቱ ከሥር ተተርትሯል፣ ጨርቁም ሳስቷል። ጣቴን አሳልፌ አየሁት።

«ልጅዎ ናት ያለችኝ» አለች። «ፋሻ ስቀይርላት ኪሴን አይታ፣ እናቴ ትሰፋልሻለች፣ ኪስ እንደ እናቴ የሚሰፋ የለም አለችኝ። ስወጣ ይዤልሽ እሄዳለሁ፣ በሳምንቱ አመጣልሻለሁ ብላኝ ነበር። ቤቱንም የት እንደሆነ በደንብ ነግራኛለች። መንገዱን፣ አጥሩን፣ ሁሉን። ታውቂያታለሻ... ያውቋታላ። ስትጀምር አታቆምም።»

አንቺ ካለች በኋላ እርስዎ አለችኝ። ደንግጣ ነው። እኔ ግን ያቺን አንቺ ወደድኳት።

«ነገ ይደርስልሻል» አልኩ። «በነጻ ነው። ምንም አታወጪም።»

«አይሆንም።» ቆጣ አላለችም። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «እንደ ማንኛውም ሰው እከፍላለሁ። በነጻ ከሰፉልኝ ዕዳ የከፈሉ ይመስልዎታል። እኔ ለዚያ አልመጣሁም። ልጅዎ ቃል ስለገባችልኝ ነው የመጣሁት።»

ፊቴን የት ልክተተው። እውነቷን ነው። እንዲህ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ጥር 28

ኪሱን አውጥቼ ጣልኩት። አዲስ ቆረጥኩ፣ ከወፍራም ጨርቅ። ጠለቅ አድርጌ፣ ከሥሩ ድርብ ስፌት፣ ጥጉን በእጅ። ሁለቴ ተረተርኩት። ድንቢጥ ኪስ እንደ እናቴ ብላለችና... ብላለችና ቢያንስ ይህቺ እውነት ትሁንላት።

አመሻሽ ላይ መጣች። ጠርሙሷን ከቦርሳዋ አውጥታ ከተተችበት። ሮዝ ወረቀቱ ተልጧል። አዲስ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት በትልቅ ፊደል «የእጅ አልኮል» ይላል። ኪሱን በመዳፏ ጫን አድርጋ ሞከረችው። ዘለል አለች፣ እንደ ልጅ። አልተነቃነቀም።

«ይይዛል» አለች።

ከፈለችኝ። ተቀበልኩ። መቀበል እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በሩ ጋ ስትደርስ፣ ፊቷን ሳታዞር «ስትስቅ ቁስሏን በእጇ ትደግፍ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እኔም ሳስባት እሱ ነው የሚመጣብኝ» አለችና ወጣች።

የካቲት 4

ዛሬ ወተት ገዛሁ። ሱቋ ያለችው ሴትዮ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። አፍልቼ እኔና አባቷ ጠጣን። የተረፈውን ይዤ እቃ ማጠቢያው ፊት ቆምኩ። አባቷ ከኋላዬ መጥቶ ጠጣው፣ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር። ወተት አይወድም እኮ።

ዶክተሯ ደውላ ነበር። አዲሱ መታጠቢያ ላይ ለምን ለእጅ ብቻ እንደሆነ በሰው ቋንቋ ሊጽፉ ነው፣ «እናቴ፣ እርስዎ እንዴት ይሉት ነበር?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት። ግድ የለም ይሞክሩ አለች። «ወተት የምትደፊበት ቀዳዳ አፍ አለው፣ የሰጠሽውን በልቶ በልጅሽ ላይ ይተፋዋል በሉ» አልኳት። «እንደሱ እጽፈዋለሁ» አለች። ይጻፉት። ስሜ አይኑርበት እንጂ።

ሲስተሯ ይቅር አላለችኝም፣ እኔም አልጠይቃትም። ቢጃማው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ነበር። ግን አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት ይህ ደብተር እጁ የሚገባ ሰው ይኖራል። አንተም ሁን አንቺ፣ ለእኔ አትድከሙ፣ እኔ ገና ፈጣሪ ፊት ቀርቤ ራሴ የምናገረው አለኝ። ለልጄ ጸልዩላት። ድንቢጥ ብትሉ ይበቃል፣ እሱ ያውቃታል፣ እስካሁን ስታወራው ነው የምትውለው። ጎኗ ላለው ለሻምበልም አንድ ቃል ጨምሩለት፣ ጸጥታ ይወዳል፣ አጠር አድርጉት።